ሁለቱም ድስቶች ክር አላቸው

«ለየ» የምትለዋን ግስ ንቀናት እንጂ አዛኝ ግስ ናት። ያበጠረ ሰው ገለባውን ለነፋስ ይሰጣል፤ የመረጠም ያልወደደውን ትቶ ይሄዳል። የለየ ግን አንዱንም አይጥልም፤ ሁሉንም በየቦታው ያስቀምጣል። እኛ ወሎዎች ደግሞ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ለድግስ ሥጋ እንለያለን። እስላሙ እስላም ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ክርስቲያን ያረደውን ይበላል። ማንም ሳይበላ እንዳይሄድ ብለን ነው እንጂ ቅያሜ የለበትም።

እናላችሁ፣ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ አንዲት ልጃቸውን ዳሩ። የዚያን ቀን ጉሙ ሰፈሩን ውጦት፣ ከኮምቦልቻ የመጡት የሙሽራው አጃቢዎች ከነጭ ባዶ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ፣ እውን ይሁን ሕልም እንጃ ብዬ ሳይ ቆየሁ።

የክርስቲያኑን ወጥ የሠሩት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ናቸው። ድስቶቹ ከእድር የመጡ፣ አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ «ክር ያለበት የክርስቲያን» ተባባሉና አስካለ በድስታቸው ላይ አሰሩ። ድስቶቹ ድንኳን ከገቡ በኋላ ዘሃራ ሌላውን ልብ ሳይሉ ክር የሌለውን የእስላሙን ድስት አዩ። «አስኩ ረስታዋለች» ብለው አሰሩለት። ደግነት እኮ አንዳንዴ ጉድ ያፈላል!

ወጡ ሊወጣ ሲል ታየ፤ ሁለቱም ክር አላቸው። መዓዛው አንድ፣ መልኩ አንድ። ጭልፋ የሚያነሳ ጠፋ።

«ያ ረቢ! በአንዲት ልጄ ሰርግ እንግዳዬ ጦሙን ሊሄድ!» ብለው ዘሃራ መሬት ቁጭ አሉ። አንጀቴን በሉት።

«አብሽሪ!» አሉ አስካለ። «ምስር እንጥዳለን።»

ጎረቤቱ ሁሉ ያለውን ምስር ይዞ ወጣ። ምስር አራጅ የለው! ሲደርስ፣ በሁለት ወገን ተቀምጦ የነበረው እንግዳ እንዳመቸው ተነሥቶ ትሪውን ከበበ።

ሼህ እንድሪስና አቶ ደምሴ የደሴ ዙሪያ ገበሬዎች ናቸው፤ ማሳቸው ድንበርተኛ ነው፣ በሐዘኑም በደስታውም አብረው አርጅተዋል። ድግስ ላይ ግን የሚበሉት ለየብቻ ነበር። ያን ቀን ባንድ ትሪ ቀረቡ። ጥቂት እንደበሉ ሼሁ እጃቸውን አቁመው ጓደኛቸውን አዩዋቸው።

«አጃኢብ ነው! ደምሴ፣ እንዲህ ቀስ ብለህ ነው እንዴ የምትበላው?»

«መንጋጋ የለኝማ!» አሉ አቶ ደምሴ። «ሥጋ ካኘክሁ ስንት ዘመኔ! ባለድግሱ እንዳይከፋው ነው የማነሳው።»

ሼሁ ከእንጀራው መሃል ለስላሳውን ቆርሰው፣ በምስሩ አርሰው አጎረሷቸው።