የነከሰኝ ውሻ ጤና

ሰው የጠላቱን ጤና ከልቡ የሚለምነው መቼ ነው? «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለውን ቃል በስንት ስብከት ሰምቼ አሜን ብያለሁ። የገባኝ ግን እዚሁ ደባርቅ፣ በሁዳዴ ጾም፣ ውሻ ከነከሰኝ ወዲያ ነው።

ውሻው የጎረቤቴ የጋሽ ማሩ ነው። ጋሽ ማሩ በቅሎ እየጫኑ ቱሪስት በሰሜን ተራሮች ወዳለው ጨነቅ የሚያደርሱ፣ ሰው አክባሪ ሽማግሌ ናቸው። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ውሻቸው ከኋላዬ መጥቶ ባቴን ዘነጠለው። ሰፈሩ ድንጋይ አነሣ፤ እሳቸውም በኀፍረት ዱላ ይዘው ወጡ። ጤና ጣቢያ ቁስሌን በሳሙና አጥበው የመጀመሪያውን መርፌ ወጉኝና የቀረው ከጎንደር እስኪመጣ ጠብቅ አሉኝ።

ውሻውን ከሞት ያስጣለችው የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ናት። ደንቡ የነከሰ ውሻ ታስሮ ይጠበቅ እንጂ አይገደል ይላል አለች።

«ጋሼ፣ ከገደሉት ወሬውን ይዞብን ይሞታል። የእብድ ውሻ በሽታ ካለበት በዚሁ ሰሞን ይታይበታል። ደኅና ከሰነበተ ግን መምህሩም ደኅና ነው።»

እንዲህ ሆኖ ነፍሴ ከውሻ ጋር በአንድ ገመድ ታሰረች። ጠዋት ማታ እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ። በላ? ጠጣ? ለሀጩስ? እኛ ሽሮ እየበላን ባለቤቴ ለእሱ ወተት ትወስዳለች፤ እናቴ የታመመች ጊዜ እንኳ እንዲህ አልሮጠችላትም። አንድ ቀን ታዲያ የእኔን ብርጭቆ ከሌላው ለይታ ስታስቀምጥ አየኋት። ቀና ብላ አላየችኝም።

አንድ ጠዋት ውሻው ወተቱን አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ውኃም አልነካ። ጋሽ ማሩ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳው ሥር ቁጭ አሉ። ባለቤቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔስ? ያላረምኩትን የተማሪ ፈተና ማን ያርመው ይሆን እያልኩ አስብ ነበር፤ ሞት ሲቀርብ የሚታሰበው እንግዲህ ይኸው ኖሯል። ሐኪሟ መጣች፤ ሆዱን ዳሰሰች፤ ከዚያ ሰፈርተኛውን አንድ በአንድ ጠየቀች። ለካ ለእኔ ያዘነ ጎረቤት ሁሉ በየፊናው፣ አንዱ ከሌላው ሳይነጋገር፣ ወተት ሲያቀርብለት ሰንብቷል። ውሻው ጠግቦ ነው።

የመጠበቂያው ጊዜ አለፈ። ሐኪሟ ጤነኛ ነው ብላ ከከተበችው በኋላ ገመዱን አስፈታች። ባለቤቴ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ጋሽ ማሩ እጄን ጨብጠው «ተመስገን» ሲሉ ቆዩ። ኋላ ግን ፊታቸው ቀስ እያለ ጠቆረ። ውሻውን አዩ፤ እኔን አዩ።

«መምህር» አሉኝ ዝግ ብለው፣ «እንግዲህ ካላበደ፣ የነከሰህ አውቆ ነዋ።»