መነሣት ያቃተኝ ስግደት

ከሞት ለተረፈ ሰው አገሩ ሁሉ «እንኳን ማረህ» ይለዋል። ደግ ነው፤ ይበሉ። ክፋቱ፣ በሳምንቱ «ዳነ እኮ፤ ምን ያስቀምጠዋል?» መባሉ ነው። በሽታ እኮ ክፉ እንግዳ ነው፤ እሱ ሲሄድ ጓዙ ይቀራል።

እኔ ሞጣ ለዘመድ ሰርግ ሄጄ እግሬን እሾህ ወጋኝ። ናቅሁት፤ አመረቀዘ። ሐኪም ቤት ሲያስገቡኝ መርዙ ደሜ ውስጥ ገብቶ ራሴን አላውቅም ነበር። ዳንሁ፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ግን ቢቸና ቤቴ ስገባ ጠጉሬ በእፍኝ ረገፈ፤ የልጆቼን ስም እያቀያየርሁ እጠራለሁ፤ የጎረቤት አጥር ደርሼ ስመለስ ሞጣን በእግሬ የደረስሁ ያህል ይደክመኛል። ፊቴ ደግሞ ወዙ ተመልሷል። እና ሰነፍ ተባልሁ። ይህን ከሞት ይልቅ ፈራሁት።

ከሌላ አገር ተመድባ የመጣችው ነርሳችን፣ ሲስተር የምንላት፣ ጉልበት ቀስ ብሎ እንደሚመለስ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንድራመድ፣ ትኩሳት ከጀመረኝ ግን ሳላድር እንድመጣ ነገረችኝ። የንስሐ አባቴም «ዘንድሮ ተቀምጠህ ጸልይ፤ እግዚአብሔር ያያል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሰውም ያያል ብዬ፣ የስቅለት ዕለት ከሰጋጁ ጋር ወደቅሁ።

መውደቁስ ቀላል ነው። መነሣቱ!

ሰው ተነሥቶ ደግሞ ሲሰግድ እኔ ግንባሬን ምድር ላይ እንደ ተከልሁ ቀረሁ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ እኔንም በጸሎትህ አስበኝ» አሉኝ።

«አባቴ፣ መነሣት አቅቶኝ ነው፤ ያንሡኝ።»

ወደ ጎናቸው ሰጋጅ ዞረው «ትሕትናውን አየህ?» አሉት።

ከዚያ ወዲያ ማን ያንሣኝ? ጸሎቱን እናቋርጥበታለን ብሎ ሁሉም ፈራ። እንዲያውም እንዳይበርደኝ ጋቢ ደረቡልኝ። ሳቄ መጣ፤ በስቅለት! ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አይተው እነሱ አለቀሱ። በኋላ የንስሐ አባቴ ደርሰው፣ በብብቴ ይዘው አነሡኝና ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሰው ደጄን ያንኳኳ ጀመር፤ ጸልይልን እያለ። አንድ ሰው እጁ አብጦ፣ በትኩሳት እየተንዘፈዘፈ መጣ። ሲስተር ቶሎ ና ብላው «እስኪ ነገ» ብሏት ኖሯል። ጸለይሁለትና «አሁኑኑ እሷ ዘንድ ሂድ» አልሁት። ሮጠ። በመድኃኒት ዳነና ምስጋናውን ለእኔ ይዞ መጣ።

ሲስተር ይህን ሰምታ «ጋሼ፣ እኔን አይሰሙኝም፤ እርስዎ ይላኩልኝ» ብላ ሳቀች። እኔም ጻድቅ አይደለሁም ብዬ መማል ትቻለሁ፤ በማልሁ ቁጥር «ትሕትናው!» እያሉ ባሰብኝ። ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ እልካለሁ። መቀመጤን እንደሆነ አሁን ማንም ስንፍና አይለውም።