መንኮራኩር ማለት ጎማ ነው

ወደ ጠፈር እንድሄድ ቀበሌዬ ሲመርጠኝ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ሰው ጨረቃ ላይ የሚወጣው በዕውቀት ነው ሲሏችሁ አትመኑ፤ በደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ማኅተም ይኑረው እንጂ ያነበበውም ያላነበበውም እኩል ነው።

ያን ሰሞን አዳማ ውስጥ የሥልጠና ምስክር ወረቀት የሌለው ነጂ ሁሉ አስፋልት ላይ ዝር እንዳይል ተባለ። እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ከአስፋልት ከወረድኩ የሚቀረኝ ኮብልስቶንና አቧራ ነው፤ አቧራ ደግሞ ተሳፍሮ ልጅ አሳድጎ አያውቅም። አጎቴ ጋሽ በዳዳ ባለ ጋሪ ናቸው፤ እሳቸውም እንደኔ ወረቀት የላቸውም። ሁለታችንም እንቅልፍ አጥተን ሳለ ለቀበሌያችን አንድ ደብዳቤ መጣ፦ «ለመንኮራኩር ሥልጠና ሁለት ነዋሪዎች ይላኩ፤ አንዷ ሴት ትሁን።»

የቀበሌያችን ጸሐፊ በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው «መንኮራኩር ማለት ጎማ ነው» ብለው ፈረዱ። «ባለ ሦስቱን አንቺ፣ ባለ ሁለቱን ጋሽ በዳዳ።» እስቲ እናንተ ብትሆኑ ዳዊት ከደገመ ሰው ጋር ትከራከራላችሁ?

ማዕከሉ የተከፈተው አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው ባነር በእንግሊዝኛ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከሱቅ ታፔላ ስለሆነ እንግሊዝኛዬ ከ«ፋርማሲ» አያልፍም። ውስጥ ክራባት ያሰሩ መሐንዲሶች ተደርድረዋል። አሠልጣኙ ሰማያዊ ቱታ ለብሷል። ጋሽ በዳዳ ቱታውን ሲያዩ ልባቸው አረፈ፤ «መካኒክ ነው» አሉኝ።

መካኒኩ መንኮራኩሯ ሦስት ሰው እንደምትይዝ አስረዳ። እኔም እጄን አወጣሁ።

«ትርፍ ስንት ትጭናለች?»

«አንድም ሰው አትጨምርም።»

«እዚያ ትራፊክ ፖሊስ አለ እንዴ?»

«የለም።»

«ታዲያ ትራፊክ ከሌለ ለምን ትርፍ አትጭንም?»

መሐንዲሶቹ ማስታወሻ ያዙ... እግዜር ያሳያችሁ፣ ጥያቄዬን ጻፉት! አሠልጣኙ ጉዞው አራት መቶ ኪሎ ሜትር እንደሆነ ሲናገር ጋሽ በዳዳ ፈረሳቸውን አሰቡና ሐረር ድረስ በጋሪ እንደማይቻል አመለከቱ። «ሐረር አይደለም አባቴ» አላቸው ወደ ኮርኒሱ እየጠቆመ፤ «ወደ ላይ ነው።»

ያኔ ገባን። የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ ተነሥቼ ልወጣ ነበር። ግን ጠረጴዛው ላይ የምስክር ወረቀቶቹ ተከምረዋል፤ ማኅተማቸው ከሩቅ ያበራል። ለማግኘት አንድ ወንበር ላይ ታስሮ ሦስት ደቂቃ መሽከርከር ብቻ ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

መሐንዲሶቹ ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላቸው ቁርሳቸውን ለአዳራሹ መለሱ። የእኔ ተራ ሲደርስ ታሠርኩ፤ ወንበሩ ሾረ። በውነቱ ከእኛ ሰፈር ኮብልስቶን ይሻላል፤ ቢያንስ አያነጥርም። አሠልጣኙ ሰዓቱን እያየ «ምን ይሰማሻል?» ሲለኝ አስር ዓመት ሙሉ ሌሎች ከኋላዬ የሚሉኝን ቃል በራሴ አፍ አወጣሁት።

«ወራጅ አለ።»

ደግነቱ ሦስቱ ደቂቃ አልቆ ነበር። አለፍኩ።

ጋሽ በዳዳ ግን ወንበሩ ድረስ ሄደው ቀበቶውን በእጃቸው መዘኑት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አደረጉ። «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሠላሳ ዓመት ፈረስ አስሬያለሁ። አንድም ቀን ፈረሱ እኔን አስሮኝ አያውቅም።» ለመንኳቸው። አሠልጣኙም ለመናቸው። ወረቀት ሳይይዙ ወጡ።

በማግስቱ ወረቀቴን ይዤ ፈቃድ ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሄድኩ፤ ጋሽ በዳዳም ምናልባት ብለው ተከተሉኝ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ «ክብደት በሌለበት ሁኔታ መንኮራኩር ውስጥ ለመሥራት ብቁ ናት።»

«ክብደት የሌለበት ማለት ባዶውን ሲሄድ ነው?» አለኝ።

«አዎ ጌታዬ» አልኩ። አስፋልቱን ፈቀደልኝ። ቀጥሎ ወደ አጎቴ አየና «የእርስዎስ አባቴ?» አላቸው። ባዶ እጃቸውን ዘረጉለት። እሱም «አይሆንም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ጋሽ በዳዳ በዚያው ሳምንት ፈረሱን ከነጋሪው አቦምሳ ላለው ታናሽ ወንድማቸው ሰጥተው ተመለሱ። ሰኞ ጠዋት ደጃችን መጥተው ባጃጄ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በግራ በቀኝ ቀበቶ ፈለጉ፤ አጡ። «ፈረሱ ከሄደ እንግዲህ የምታሰረው እኔ ነኝ» አሉኝ። የሱሪያቸውን ቀበቶ ፈቱና ራሳቸውን ከወንበሩ ብረት ጋር አሰሩ።