የክብርት ናጅዋ ማይነር

በዚህ አገር ሜጀሩን የተማረ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይኖራል፤ አሳራችንን የሚያበላን ማይነሩን የተማረው ነው። ሕክምና ጨርሶ የመጣ የሰፈር ልጅ ራስ ምታታችሁን ስትነግሩት «እስኪ እናየዋለን» ብሎ ያልፋል። ከዋናው ትምህርት ጎን አምስት ኮርስ የቀመሰው ግን ሳትጠይቁት ይመረምራችኋል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለሸዋ ሮቢት የደረሰችው ጎረቤቴ፣ ክብርት ኢንጂነር ናጅዋ ያሕያ ናት።

«ኢንጂነር» የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲዋ የሚያውቃት የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ መሆኗን ነው። ማቴሪያልስ ሳይንስና ኢንጂነሪንግ፣ ማለትም ብረቱም ሸክላውም ፕላስቲኩም ምን ቢሆን እንደሚሰበር የሚያስተምረው ትምህርት፣ ማይነሯ ነው። ስለ ፊዚክስ ትንፍሽ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

በሚሌኒየሙ ዓመት፣ በጥር፣ ለሴሚስተር ዕረፍት መጣች። ገና ከተማ ሳትገባ ወሬዋ ቀደማት። ሚኒባሱ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ሲገባ ወደ ተሳፋሪው ዞራ «አሁን ስንት ሺህ ቶን ተራራ ከላያችን እንዳለ ታውቃላችሁ?» ትላለች። የሚያውቅ አልነበረም፤ ማወቅ የሚፈልግም አልነበረም። ዋሻው እስኪያልቅ እስላሙም ክርስቲያኑም በየሃይማኖቱ ሲጸልይ እሷ ስለ ኮንክሪት ታስረዳ ነበር። ሲወጡ ሁሉም በአንድ ድምፅ ፈጣሪውን አመሰገነ፤ እሷ ግን ገለጻው የተወደደላት መሰላት።

በማግስቱ ጎረቤት ከተማ ጀውሃ ላይ እትዬ ከበቡሽ ምግብ ቤት ገብታ ደግሞ አንዱን ማንኪያ እያጎበጠች እያቃናች መቁጠር ጀመረች። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ቀጭ!

«ምን አረግሁሽ ልጄ?» አለች ከበቡሽ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አልሰበርኩትም። ደክሞት ነበር።»

የናጅዋ ዋና አባባል ይቺ ናት። ብረት ይደክማል፣ ሽቦ ይደክማል፣ የበር ማጠፊያ ይደክማል። እኔ ቤት ገብታ አልጋዬን በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ጆሮዋን ደገነችና «ጋሼ ኤርሚያስ፣ አዝናለሁ» አለችኝ፣ አስከሬን እንደመረመረ ሐኪም። ሦስት ቀን መሬት ላይ ተኛሁ። የተማረ ይግደለኝ ያልኩት እኔው ነኝ፣ ማንን እወቅሳለሁ?

ሰርግ ላይ ባሰች። ዳሱ ውስጥ የተደረደሩትን የፕላስቲክ ወንበሮች አይታ «እነዚህን የቆላ ፀሐይ በልቷቸዋል፤ እንዳትቀመጡ» ብላ አወጀች። ሽማግሌዎቹ ሳቁባትና ተቀመጡ። የሙሽራው አጎት እግራቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ሲወድቁ ከነወጡ የተነሡት ፎቶ አሁንም አለ። ከዚያ በኋላ የቀረው እንግዳ እስኪመረቅ ድረስ ቆሞ በላ።

እንዲህ እየሳቅን ሳለ ነው የአባቷ የአቶ ያሕያ የውኃ ሞተር አልነሣ ያለው። ሞተሩ በእጅ ተዘውሮ የሚነሣ ዓይነት ነው፤ መዘወሪያው ብረት ለሁለት ተሰበረ። ሞተሩ የሚያጠጣው ሽንኩርት ደግሞ ራስ የሚቋጥርበት ጊዜ ነበር። ናጅዋን ዩኒቨርሲቲ የሚያኖራት ይኸው ሽንኩርት ነው።

ያሕያ ወደ ሷሊሕ ሮጠ። ሷሊሕ ባለእጅ ነው፤ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የማይሠራው የለም። የወረዳችን የቀወት ገበሬ ከሷሊሕ ዕቃ የሚገዛው ደግሞ በጆሮው ነው። የጋለው ብረት ውኃ ውስጥ ሲገባ «ቸስስ» ካላለ ማረሻም ሆነ ማጭድ ማንም አይረከበውም። መዘወሪያውም በሚገባ ቸስ ብሎ ወጣ፤ ሞተሩ ላይ ሲገባ በመጀመሪያው ዙር ተሰበረ። ያሕያ «ውኃው አንሶት ነው» ብሎ ለሁለተኛው ሁለት ጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ ጨመረ። ቸስታው እስከ መስጊዱ ተሰማ። እሱም ተሰበረ።

አራተኛው ቀን ላይ የሽንኩርቱ ቅጠል ተኛ። ያሕያ ማሳው ዳር ተቀምጦ «ያ ረቢ» ይላል፤ ሷሊሕም ስብርባሪውን ሊያይ መጥቶ አጠገቡ ቆሟል።

«አባ፣ ውኃው ነው የሚሰብረው» አለች ናጅዋ። «ማረሻ ይጠንክር ተብሎ ይነከራል። ይሄ ግን እየተመታ የሚዞር ነው፤ ሲነከር እንደ ብርጭቆ ይሆናል። ጋሽ ሷሊሕ፣ ሠርተው አይንከሩት። አመድ ውስጥ ይቅበሩትና ቀስ ብሎ ይብረድ።»

«ቸስ ሳይል?» አለ ሷሊሕ።

«ቸስ ሳይል።»

«ወላሂ፣ እኔ እሳት ላይ ያረጀሁት ብረት ለመቅበር አይደለም!»

ያሕያ ልጁን አየ፣ ሽንኩርቱን አየ። «ቅበረው» አለ።

ሦስተኛው መዘወሪያ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሷሊሕ ምድጃ ዳር ተቀበረ። ናጅዋ አመዱ አጠገብ ቁጭ አለች። ሰዉ ከበባት፤ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ቆመ። ያቺ ዋሻ ውስጥ እንኳ ዝም ያላለች ልጅ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ደንግጬ ጠጋ አልኩና «ኢንጂነር፣ ምነው?» አልኳት።

ዙሪያዋን ገላምጣ ወደ ጆሮዬ መጣች። «ጋሼ፣ በዚህ ኮርስ ያገኘሁት ሲ ነው።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ለሰው ልጅ ውጤት ተጨንቄ አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መዘወሪያው ወጣ፤ በርዶ በእጅ ይያዛል። ማሳው ድረስ ተከተልነው፤ ያሕያ «ቢስሚላህ» ብሎ ሞተሩ ላይ አስገባውና ዘወረ። ሞተሩ አስነጠሰና ብረቱን መልሶ መታው። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን። ስንገልጥ መዘወሪያው ትንሽ ጎብጧል፤ አልተሰበረም! «ጎበጠ! ጎበጠ!» እያለች ናጅዋ ዘለለች። ዕቃው ጎብጦበት እንዲያ የፈነደቀ ቤተሰብ አይቼ አላውቅም። ያሕያ ደገመ፣ ሠለሰ፤ ሞተሩ ዱዱዱ ብሎ ተነሣ፣ ውኃው ቦዩን ሞልቶ ወደ ሽንኩርቱ ሮጠ። እልል አልኩ። የሃምሳ ዓመት ወንድ፣ ኮፍያዬን ጥዬ፣ እልል አልኩ።

ሷሊሕ ለረጅም ጊዜ የጎበጠውን ብረት ሲያገላብጥ ቆየ። በመጨረሻ ሁለቱን ስብርባሪዎች በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት። «ለአስተማሪሽ አሳዪው። የሰበረው ሷሊሕ ነው፣ ያዳነችው ናጅዋ ናት በዪው» አላት። የሲዋን ምስጢር ያወጣሁት እኔ መሆኔን አልክድም።

ሰኞ አውቶቡስ ስትሳፈር ከጨርቁ ጋር አንድ ፖስታ ይዛ ሄደች። ውስጡ «ጉዳዩ፦ የናጅዋ ያሕያ ውጤት እንዲሻሻል ስለመጠየቅ» የሚል፣ ሃያ ሦስት የሽንኩርት ገበሬዎች የፈረሙበት አቤቱታ ነው። ሷሊሕ አሻራውን አኑሯል፤ በጥላሸት ስለሆነ የትኛው ጣት እንደሆነ አይለይም። አቤቱታው መልስ ያገኝ እንደሆነ አላውቅም። ያረቀቅሁት ግን እኔ ነኝ፣ በመጀመሪያው መስመርም ላይ «ኢንጂነራችን» ብዬ ስጽፍ እንደ ወትሮው አልቀለድኩም ነበር።