ጥላ የገባለት የገበሬ ቤት

ዓይናፋር ሰው አስተርጓሚ መሆን የለበትም። ውሸታም እንኳ ይሻላል፤ ውሸታም ቢያንስ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሳል። እኔ ጥቂት ቃላት ስለዋጥኩ ብቻ ኦሃዮ ውስጥ አንድ የጡብ ቤት ተሳላሚ አግኝቷል።

አምና ነው። ሁሉም ሰው ማስክ ያደርግ ነበር። ግማሽ ፊትን መሸፈን ግዴታ ሲሆን ለእኔ ዓይነቷ ምን ያህል በረከት እንደሆነ ልንገራችሁ? ትምህርት ቤት ስለ አሮጌ ቤት አሠራር ጽፈሽ አምጪ ተባልኩ። ከአፓርታማችን ብዙ የማይርቅ ጥንታዊ የገበሬ ቤት አለ። ነድተው የወሰዱኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘውድነሽ ናቸው። መንጃ ፈቃድ ግን የላቸውም። ሦስት ጊዜ ተፈትነው ሦስቱንም ጊዜ የጣሏቸው አምስቱ ኮኖች፣ መፈተኛው ሜዳ ላይ የሚቆሙት ሾጣጣ ፕላስቲኮች፣ ናቸው። በኮኖቹ መሃል ወደፊት ሄዶ በሪቨርስ መመለስ ነው ፈተናው፤ እትዬ ሲመለሱ አንዱን ኮን ይዘው ይመጣሉ። አራተኛው ፈተና ማክሰኞ ነበር። ከወደቁ ሂሊያርድ የምትባል ከተማ ያገኙት ሥራ፣ ያለ መኪና የማይደረስበት፣ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው። ስለዚህ እናቴ አጠገባቸው ተቀምጣ «ብሬክ! እትዬ፣ ብሬክ!» እያለች በልምምድ ስም ሄድን። ስንደርስ እናቴ ከድንጋጤ የተነሳ ከመኪናው መውረድ አቅቷት እዚያው ቀረች።

ቤቱ ቀይ ነው፣ ባለ ሁለት ፎቅ። በሩ ልክ መሃል ላይ፣ ግራ ሁለት መስኮት፣ ቀኝ ሁለት መስኮት፣ ፎቁ ላይ አምስት። የጭስ ማውጫው እንኳ ግራና ቀኝ መንታ ነው። የሠራው ሰው አንዱን ልጁን ከሌላው የማያበላልጥ አባት ሳይሆን አይቀርም።

አስጎብኚው ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። አሠራሩ ጆርጂያን እንደሚባል፣ ስሙም ጆርጅ ከሚባሉ የእንግሊዝ ነገሥታት እንደመጣ አስረዱ። እትዬ በክርናቸው ጎሸም አድርገው ምን አለ አሉኝ። እኔም ማስኬ ውስጥ ሆኜ፣ በጊዮርጊስ ስም የተሰየመ ነው አልኩ። ስህተት አለው? ጆርጅ ማለት ጊዮርጊስ አይደለም እንዴ? የዋጥኩት ነገሥታቱን ብቻ ነው።

እትዬ ጫማቸውን አወለቁ። ማስካቸውን ዝቅ አድርገው የበሩን መቃን ግራና ቀኝ ተሳለሙ። እትዬ፣ ይሄ እኮ የገበሬ ቤት ነው ብላቸው፣ «ታዲያ ጊዮርጊስ ለገበሬ አይደርስም? አንቺ ልጅ፣ አሜሪካ አበላሸችሽ!» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ቀና ብለው የፎቁን መስኮቶች ቆጠሩ። አምስት! ልክ እንደ ኮኖቹ! እዚያው ቆመው፣ በዚህ በር እንደምገባ በኮኖቹ መሃል ካሳለፍከኝ ጥላ አስገባለሁ ብለው ተሳሉ።

የአስጎብኚው ዓይን እንባ ሞላ። አንዱ ጡብ በጎኑ፣ ቀጣዩ በአናቱ መደርደሩን ለሰው ሲያስረዱ ዕድሜያቸው አልቋል፤ ሳይነገራቸው ጡቡን የሳሙ ግን እኚህ ሴት ብቻ ናቸው አሉ።

ጨነቀኝ። እውነቱን ብናገር ማክሰኞ በምን ልባቸው ይነዳሉ? ዝም ብዬ ቢወድቁስ? እስከ ማክሰኞ እትዬን ባየሁ ቁጥር መንገድ ቀየርኩ።

አለፉ። አንድም ኮን አልነኩም።

በወሩ ራሳቸው እየነዱ፣ ቀይ ከፋይ ጥላ ባለ ወርቅ ዘርፍ ይዘው፣ እኔንም ለማስተርጎም ጭነው ሄዱ። ስለት በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? ዋጥኩት። አስጎብኚው ዝናብ ለያዘው ጎብኚ መስሏቸው አመስግነው በሩ ግራ በኩል አቆሙት።

ዘንድሮ ክፍላችን በሙሉ እዚያው ለጉብኝት ሄደ። አስጎብኚው ጫማ አስወለቁን። ጡብ የሚያከብሩ ኢትዮጵያውያን እንዳስተማሯቸው፣ ጆርጂያን ቤት የሚገባው መቃኑን ግራና ቀኝ ስሞ ነው አሉ። ተማሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ «ሪሊ?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ሰዓት አልነበረም። አፌንም ከፍቼ ነበር።

ዓይኔ ጥላው ላይ አረፈ። ግራው ሞልቷል፣ ቀኙ ባዶ ነው። ግራና ቀኙ እኩል ለሆነ ቤት ይሄ ነውር አይደለም? በማግስቱ ደግሞ እኔም ለመንጃ ፈቃድ የምፈተንበት ኮን አለብኝ።

መቃኑን ተሳለምኩና በሆዴ፣ ብቻ ልለፍ እንጂ ቀኙን እኔ እሞላለሁ አልኩ።