ዘሃራ የዘጋችው በር

በእኛ ከተማ ሰው ወይ ታሟል ወይ ድኗል። ሌላ ቦታ የለም። «እያገገመ ነው» ሲባል በሬዲዮ እንሰማለን እንጂ በሰፈራችን አይታወቅም። ከሆስፒታል በእግሩ የወጣ ሰው ድኗል፤ የዳነ ሰው ደግሞ ይበላል፣ ይጫወታል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ ሥራውን ይጀምራል። ይህን ካላደረገ ወይ አልዳነም፣ ወይ ኮርቷል። እናንተ ዘንድ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ የማወራችሁ የጅማን፣ የሄርማታ ሰፈርን ነው።

ጎረቤቴ አወል በርጩማና ወንበር የሚሠራ አናጢ ነበር። ደረቱን ማመም ከጀመረው ቆይቷል። እሱ «ጨጓራዬ ነው» ይላል፣ እኛም እናጸናለታለን። ጅማ ውስጥ ከአንገት በታች ከእምብርት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ ጨጓራ ነው። ተልባውንም ጠጣ፣ አብሹንም ጠጣ። ዳገት ሲወጡ ብቻ የሚነሳ ጨጓራ ምን ዓይነት ጨጓራ እንደሆነ ግን ማናችንም አልጠየቅንም። አንድ ቀን እንጨት እየላገ ላብ አጠመቀውና ወደቀ። ያኔ ነው ሐኪም ያየው፤ ያኔ ነው ወደ አዲስ አበባ የተላከው። እኔና ሚስቱ ዘሃራ ይዘነው ሄድን።

ሐኪሙ ትሁት ሰው ነበር። ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች መዘጋታቸውን፣ ከእግሩ ጤነኛ ሥር ወስደው ደሙ የተዘጋውን ዞሮ የሚያልፍበት መንገድ እንደሚሠሩ አስረዳን።

አወል ሰምቶ ሰምቶ፣ «ደረቴን በምንድን ነው የምትከፍቱት?» አለ።

«በመጋዝ።»

«ጥርሱ ደቃቅ ነው?»

«በጣም ደቃቅ።»

«ስትዘጉትስ?»

«በሽቦ እናስረዋለን።»

«ኮላ የለውም ማለት ነው» አለ አወል፣ ቅር እንዳለው ሁሉ።

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ኮላውን የሚሠራው የእርስዎ ሰውነት ነው። ስኳር ስላለብዎት፣ ሲጋራውንም ዕድሜ ልክዎን ስላጨሱ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። ዘግይተው መምጣትዎም አልረዳንም። ቀዶ ጥገናው የእኛ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን የቤታችሁ ነው። መድኃኒቱን አያቋርጡ፣ ከባድ አያንሱ፣ ጣፋጭ ይቅር፣ ሰው አይብዛብዎት። ቁስሉ ከቀላ ወይም ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።»

ዘሃራ ይህን ሁሉ ቃል በቃል ያዘች። አወል የመጋዙን ነገር ያዘ።

ቀዶ ጥገናው አማረ። ጅማ ስንመለስ ዘሃራ ባሏ የሠራውን አንድ ወንበር አውጥታ ግቢው በር ላይ ተቀመጠች። የመጣውን ሁሉ «ተኝቷል»፣ «ሐኪም ከልክሏል» እያለች መለሰች። ሰፈሩ መጀመሪያ ተገረመ፣ ቀጥሎ ተቀየመ፣ በመጨረሻ ማውራት ጀመረ። አዲስ አበባ ደርሳ መጥታ ኮራች ተባለ። ባሏን ሸሸገች ተባለ። ሊጠይቀው የማይፈልግ ሰው እንኳ ሳይቀር እንዳትመልሰው እየሰጋ ተናደደ።

ወሬው በመስኮት ገብቶ አወል ጆሮ ደረሰ።

«ክፈቺ» አላት። «እኔ በሕይወት እያለሁ በሬ አይዘጋም።»

«ሐኪሙ ያለውን ረሳኸው?»

«ሐኪሙ ሄርማታ አይኖርም፣ ዘሃራ። እኔ ነኝ የምኖረው።»

ከፈተች።

ወገኖቼ፣ ፍቅር በሰልፍ ሲገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጭኮው በቅቤ ርሶ መጣ። ማሩ መጣ፤ «ማር መድኃኒት ነው፣ ብላ ማሎ፣ እባክህ» ተባለ፣ በላ። መጨባበጡ፣ ትከሻ ለትከሻ መሳሳሙ ቀጠለ። «እስቲ አሳየን» ያለው ሁሉ ሸሚዙን እያስከፈተ ቁስሉን አየ። መድኃኒቱ እንግዳ ፊት ሲታይ ያልዳነ ስለሚያስመስለው አልጋ ሥር ገባ፤ አልጋ ሥር የገባ መድኃኒት ደግሞ ይረሳል። አንዱ ጠያቂ «ጉልበቱስ እንዴት ነው?» ቢለው፣ አወል አጠገቡ የነበረውን ወንበር በአንድ እጁ ብድግ አደረገው። «አልሐምዱሊላህ» አልን ሁላችንም። ፊቱ ግን ለቅጽበት ጭምድድ ሲል አይቻለሁ። ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ማለቱን ለዘሃራ የነገራት በኋላ ነው።

ትኩሳቱ ሲመጣ «ብርድ ነው» አለ። ቁስሉ ሲቀላ በነጠላ ሸፈነው። ዘሃራ ሽታው አጠራጥሯት ነጠላውን ስትገልጥ መግሉ ወደ አጥንቱ ወርዶ ነበር። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። አወልን በጁምዓ ቀን ቀበርነው።

ለቅሶ ቤት የተባለውን ልንገራችሁ። «ቀዶ ጥገናው ነው የገደለው» ተባለ። «ደረቱን ተሰንጥቆ የሚተርፍ ሰው አለ?» ተባለ። ይህን ያለው ማሩን ያመጣው ሰው ነው፣ ከልቡ እያለቀሰ።

አጠገቤ የዘሃራ ታናሽ ወንድም ነጂብ ተቀምጦ ደረቱን ያሻል። ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሰቃ ቡና የሚያለማ፣ ሲጋራ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ጨጓራ» አለኝ።

ጥቂት ስጎተጉተው እውነቱ ወጣ። ሐኪም ታይቷል፤ ያለበትም የአወል በሽታ ነው፤ አዲስ አበባ ሂድ ተብሎ እምቢ ብሏል። ለዘሃራ ነገርኳት። እሷ ዒዳ ላይ፣ ባል የሞተባት ሴት በምትጠብቀው የሐዘን ወራት ላይ፣ ስለሆነች ከቤት አትወጣም፤ አስጠራችው።

«አወልን የገደለውን ታውቃለህ?» አለችው።

«ቀዶ ጥገናው ነዋ።»

«እኔ ነኝ። በሩን ከፈትኩት።»

ነጂብ ሊያጽናናት አፉን ከፈተ፤ አላስጨረሰችውም።

«አንተ ሂድ። ስትመለስ አልከፍትም።»

ተራው እስኪደርሰው ወራት ፈጀ፤ እሷም ዒዳዋን ጨረሰች። ቀዶ ጥገናውን አድርጎ ሲመለስ ጓዟን ጠቅልላ ሰቃ ወረደች።

በቀደም ልጠይቀው ፓፓያ ይዤ በሚኒባስ ሄድኩ። ዘሃራ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች፤ ጥቁር ልብሷን ገና አልለወጠችም። በአጥሩ ቀዳዳ ነጂብ ቡናው መሃል ቀስ እያለ ሲራመድ አየሁት።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ጋሼ» አለችኝ። ከወንበሩ ግን አልተነሳችም። «ዛሬ አይሆንም።»

«ከጅማ ድረስ እኮ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ከሩቅ ሰላም ብዬው ልመለስ።»

«እንደመጡ እነግረዋለሁ» አለችና ፓፓያውን ተቀበለችኝ።

ምን እላለሁ? አወልን ሐኪም ዘንድ ያደረስኩት እኔ፣ የቀበርኩት እኔ፣ የነጂብን ነገር የነገርኳት እኔ። ሴትዮዋ ልክ እንደሆነች ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚህ አገር የለም።

እስከ ጅማ ድረስ ግን ቅር ብሎኝ ሄድኩ።