ጋሽ ሳልደብቅ አፋቸውን የያዙበት ዕለት

በየከተማው መልኩን ሳናውቅ ድምፁን የምናውቀው አንድ ሰው አለ። ጠዋት ስንነሣ ቀድሞን ተነሥቷል። ታክሲ ስንሳፈር ቀድሞን ተሳፍሯል። ጸጉራችንን ስንቆረጥ ከመስታወቱ ሥር ከተቀመጠው ሬዲዮ ሆኖ ስለ አማቶቻችን፣ ስለ ቁመታችን፣ ስለ ተወለድንበት ሰፈር ያወራል። ብንቀየም «ቀልድ ነው እኮ» ይለናል። ብንስቅ ደግሞ «እውነት ነው እኮ» ይለናል። አንድን ነገር በአንድ ትንፋሽ ቀልድም እውነትም ማድረግ የሚችል ፍጡር፣ እስካሁን እንዳየሁት፣ እሱ ብቻ ነው።

ለእኛ ከተማ የደረሱት ደግሞ ከኔ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቴ ናቸው፤ ክቡርነታቸው ጋሽ ሳልደብቅ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም እንዳለ አልጠራጠርም። ግን የማለዳውን የሬዲዮ ፕሮግራም የሚከፍቱት «ሳልደብቅ ልንገራችሁ» ብለው ስለሆነ፣ ሕዝቡ ስማቸውን ከገዛ አፋቸው ላይ ወሰደላቸው። እሳቸው «ሳልደብቅ» ካሉ በኋላ የሚደበቀው ሰሚው ነው።

አንድ ጊዜ አንዲት ነርስ ለባሏ ልደት ዘፈን ልታስመርጥ ደወለች። ክቡርነታቸው ዕድሜዋን ጠየቋት፣ ሳትጠረጥር ነገረቻቸው። የባሏንም ጠየቁ፤ በስምንት ዓመት ያንሳታል። «እንግዲያው እህቴ፣ ዘፈኑ ለባል ሳይሆን ለልጅ ይሁን» አሉና የሕፃናት መዝሙር ጋበዟት። ሌላ ጊዜ «አጭር ሾፌር የያዘው መኪና ሲያዩት ሾፌር የለውም» ብለው በመቀለዳቸው የአውቶቡስ ሾፌሮች ተቆጥተው ጣቢያው በር ላይ ተሰለፉ። በማግሥቱ ጋሽ ሳልደብቅ ይቅርታ ይጠይቃሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ «ሰልፍ አለ ብለውኝ በመስኮት ወደ ታች አየሁ፤ ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ ማንም አልታየኝም» አሉ።

እኔም ደረጃው ላይ ሳገኛቸው፣ «ጋሼ፣ ትንሽ አልበዛም?» እላለሁ።

«ሰው ሆድ ይብሰዋል ብዬ አፌን ልስፋ?» ይሉኛል። «የመናገር ነፃነት ማለት እኮ ልጄ፣ ደስ የማይልህን መስማት ነው።»

የሚገርመው ደስ የማይላቸውን ሲሰሙ አይቼ አለማወቄ ነው። ደስ የማይል ደዋይ ሲመጣ መስመሩን የሚዘጉት እሳቸው ናቸውና።

እንዲያም ሆኖ ድምፃቸው ያምራል። ሞቅ ብሎ፣ ከደረት ወጥቶ፣ ትከሻችሁን እንደሚይዝ እጅ ነው። በዚህ የተነሣ ያልቀጠራቸው መሥሪያ ቤት የለም። ባንክ ስትገቡ «እባክዎ ተራዎን ይጠብቁ» የሚሏችሁ እሳቸው ናቸው። የደወላችሁለት ሰው ስልኩን አላነሣ ሲል «የደወሉላቸው ሰው ለጊዜው መልስ አይሰጡም» የሚሏችሁም እሳቸው። የሕንፃችን ሊፍት ውስጥም አሉ። አንድ ሰሞን ጉንፋን ጥሏቸው ሲያስሉ በግድግዳው እሰማቸው ነበር። ከዚያ በሬን ዘግቼ ሊፍት ውስጥ ስገባ፣ ያው ሰውዬ፣ ጉንፋን የማያውቀው፣ ከጣሪያው ሆኖ «በሩ እየተዘጋ ነው» ይለኛል። የሰው ልጅ ሁለት ቦታ ሲሆን ጥሩ ስሜት አይሰጥም። ባለቤቴ «ስንሞትም ተራችንን የሚጠሩት እሳቸው ናቸው» ትላለች። ስትለው ትስቃለች፤ ሊፍቱ ውስጥ ስንሆን ግን አትለውም።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊዋ ልውሰዳችሁ። ሱቋ ምድር ቤት ነው፣ የሊፍቱ በር ፊት ለፊት። ባሏ የሞተባት፣ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላታል። ጉሮሮዋ ላይ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት በኋላ ድምፅዋ ቀድሞ የነበረው አልሆነም። ደረቅ ቅጠል ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት እንደሚሰማው ሆነ። ደንበኛ ሁሉ ለምዶታል። በሌላ ከተማ ትምህርቷን የምትከታተል አንዲት ልጇም ለምዳዋለች፤ ማታ ማታ ትደውልላትና ሁለቱ ሲያወሩ፣ ሱቁ በር ላይ የቆመ ሰው የሹክሹክታ ሳቅ ይሰማል።

ሕንፃችን ውኃ የጠፋ ጊዜ ሁላችንም «ለሬዲዮ እንደውል» ተባባልን፤ መስመሩን ያገኘችው እሷ ሆነች። ሱቋ በደንበኛ ተሞልቷል፣ ሬዲዮውም ተከፍቷል። «ጤና ይስጥልኝ» አለች በዚያች ድምፅዋ።

«እህቴ» አሉ ጋሽ ሳልደብቅ፣ «የምትደውዪው ከመቃብር ነው እንዴ? እዚያም ውኃ ጠፋ?»

እዚህ ላይ የጣቢያውን አሠራር ላስረዳችሁ። ቀጥታ የሚባለው ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ቀጥታ አይደለም፤ ጥቂት ትንፋሽ ዘግይቶ ነው አየር ላይ የሚወጣው። በመካከሉ አንዲት ቴክኒሻን እጇን ቁልፍ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ያልተገባ ቃል ከመጣ ትቆርጠዋለች። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ስድቡን መጀመሪያ በስልክ ሰማችው። ደንበኞቿ ገና አልሰሙም፤ ጨርቃቸውን ይመርጣሉ። እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወደ ሬዲዮው ዞረች። ይቆርጡታል ብላ ጠበቀች። ቴክኒሻኗ ግን ሳቅ ይዟት እጇ ከቁልፉ ላይ ተነሥቶ ነበር። የገዛ ራሷ «ጤና ይስጥልኝ» ከሬዲዮው ወጣ፤ ቀጥሎ ያ ቃል ወጣ፤ ቀጥሎ ሱቁ በሙሉ ሳቀ። ማን እንደደወለ ዞር ብለው ያዩት ከሳቁ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ አፏን ዘጋች። ልብስ ልታሰፉ ስትሄዱ ጨርቅ በምታሰምርበት ጠመኔ ትጠቁማለች፣ በጣቷ ታሳያለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። የስልክ ጥሪ አታነሣም። ለልጇ «ደህና ነኝ» ብላ ትጽፍላታለች፤ ልጅቷ «ጽሑፍማ ማንም ይጽፋል እማ፣ ድምፅሽን አሰሚኝ» ብላ ትመልሳለች። ሱቁ ውስጥ የሚሰማው የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ ሆነ። እሱም ሲቆም ደስ አይልም።

የብሮድካስት ምክር ቤት የሚባሉት ሰዎች ክቡርነታቸውን ጠርተው ከአየር አገዷቸው። «የተበደለችው ሴት ይቅር ካለች ይመለሳሉ፣ ካልሆነ ግን ሌላ ሥራ ይፈልጉ» አሏቸው። ለምን አልተቆረጠም ተብሎ ቴክኒሻኗ ላይ ጣት ሲቀሰር ግን፣ «የተናገረው የኔ አፍ ነው፤ የልጅቷን እጅ ተዉት» ማለታቸውን ራሷ ነግራኛለች። ይህን ለፍርድ ሚዛኑ ስትሉ ያዙልኝ።

ከታገዱ በኋላ በግድግዳው የሚሰማኝ ልምምድ ነበር። «ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላሉ። «ግን ሰዎች ሊረዱኝ የሚገባው…» እንደገና። «ከልቤ ይቅርታ። ግን ዘመኑ…» እንደገና። «ይቅርታ፣ ግን…» ግን የምትባለዋ ቃል በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ በር ይዛ ትጠብቃቸዋለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የክቡርነታቸው ሁለቱም ከሄዱ ቆይተዋል።

ሰውየው ታገዱ እንጂ ድምፃቸውን ማንም አላገደውም። ባንኩ ውስጥ ተራ ይጠራል። ስልኩ ውስጥ ይመልሳል። መብራት እልም ብልጭ ባለ ቁጥር ሊፍታችን ማንም ሳይጠራው ይወጣል፤ «አምስተኛ ፎቅ ደርሰዋል» ይላል በደስታ፤ በሩ ይከፈታል፤ ውስጡ ማንም የለም። ቆሞ ይጠብቃል። «በሩ እየተዘጋ ነው» ይላል። ይወርዳል። ጋሽ ሳልደብቅ ያኔ በእግር መውጣት ጀመሩ። በአራተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ሊፍቱ እኮ ይሠራል።»

«አውቃለሁ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሱ አለበት።»

«ማን?»

በራሳቸው ወደ ሊፍቱ ጠቆሙኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። አልሳቁም። እኔም አልሳቅሁም።

ልብስ ሰፊዋስ? እሷ ያንን ድምፅ ከሱቋ ፊት ለፊት ቀኑን ሙሉ ትሰማለች። አንድ ጠዋት ከጥቁር ጨርቅ የተሰፋች ትንሽ ትራስ ሊፍቱ ውስጥ የድምፁ ማውጫ ላይ ተጣብቃ አገኘናት። ስፌቷ እንከን የለውም። ከዚያ ቀን ወዲያ ሊፍቱ ምድር ቤት ሲደርስ የሚናገረው ሰውዬ አፈር የተጫነው ሆነ። «ምድር ቤት ደርሰዋል» ይላል ከሩቅ፣ ታፍኖ፣ እየተንኮሻኮሸ። ዘበኛው እንዲያነሣት ቢታዘዝ «እኔ እዚያ ነገር ውስጥ እጄን አልከትም» ብሎ ቁጭ አለ። ጋሽ ሳልደብቅ አንድ ጊዜ ዕቃ ይዘው ስለነበር ሊፍቱን ተሳፈሩ። ምድር ቤት ሲደርሱ የገዛ ድምፃቸው ከመቃብር ሲጠራቸው ሰሙ። ዕቃው ከእጃቸው ወድቆ ተሰበረ፤ ስብርባሪውን ለመልቀም እንኳ ጎንበስ አላሉም።

ያም ሆኖ ማታውን «ይቅርታ፣ ግን» ከግድግዳው ወዲያ ቀጠለ። ነገሩን የለወጠችው ባለቤቴ ናት። የልብስ ሰፊዋ ልጅ የባለቤቴን ቁጥር ከየት እንዳገኘች እንጃ፣ ደወለችላት። ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ በቀጥታ ሄዳ የጎረቤታችንን በር አንኳኳች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «እርስዎ ስለ መናገር ነፃነት ብዙ ያውቃሉ።»

«ትንሽ ትንሽ» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

«የእርስዎ አፍ ተከፍቶ የእሷ ተዘጋ። ይሄ የማንኛው ነፃነት ነው?»

«እኔ ዝም በይ አላልኳትም። ቀልድ ነበር። ደግሞ…»

«ልጇ ደውላልኝ ነበር አሁን። እያለቀሰች ነው። ‹እማዬ አታነሣም፤ ሁልጊዜ አንድ ሰውዬ ነው የሚመልስልኝ› ትላለች። ማን እንደሆኑ ታውቃለች ጋሼ። ‹ያው የሰደባት ሰውዬ ነው፣ የደወሉላቸው ሰው መልስ አይሰጡም የሚለኝ። እናቴን ምን አደረጋት?› አለችኝ። ምን ልበላት?»

ክቡርነታቸው አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። አፋቸው ተከፍቶ ምንም ሲያጣ አይቼ አላውቅም። በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። የዚያን ምሽት ግድግዳው ዝም አለ፤ ዝምታው አስተኝቶኝ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር።

በማግሥቱ አመሻሽ ላይ የካፖርቴ ገበር ተቀዶ ሱቁ ውስጥ ቆሜያለሁ። በሩ ተከፈተና ገቡ። ለምክር ቤቱ የለበሱትን ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ከስተው ስለነበር ልብሱ የተዋሱት ይመስላል። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻቸው። መኪናው ቆመ።

«እትዬ…» ብለው ጀመሩ።

ጠመኔዋን አንሥታ አፏ ላይ አደረገች። በጣቷ ወደ ዝቅተኛዋ በርጩማ ጠቆመቻቸው፤ ላይዋ ላይ ወጥተው ቆሙ። ጥርሶቿ መሐል መርፌዎች ደርድራ ተንበረከከች፣ ሱሪውን ከታች ወደ ላይ እያጠፈች መውጋት ጀመረች። እጅጌውን ወጋች። እጃቸውን ዘርግተው እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ቆመዋል። ከዚያ ሜትሩን ከትከሻዋ አወረደችና በአንገታቸው ዙሪያ አዞረችው። ጫፉንና ጫፉን በሁለት ጣቶቿ ያዘች። ቁጥሩን አላየችም። የምታየው ዓይናቸውን ነው። እንዲህ ሆና ቆየች፤ ልውጣ ወይስ ልቆይ ብዬ ካፖርቴን ይዤ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ።

«ይቅርታ» አሉ ጋሽ ሳልደብቅ።

ጠበቅሁ። እሷም ጠበቀች። ግን የምትለዋ ቃል ከደረታቸው ተነሥታ ጉሮሯቸው ላይ ስትደርስ አየኋት፤ ማንቁርታቸው ሜትሩን ወደ ላይ ገፋው። እዚያ ቆመች። ከዚያ ዋጧት። ሜትሩ ወደ ቦታው ወረደ።

የዚያኔ ነው ስልኳ የጠራው። የልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይጮኻል። ልብስ ሰፊዋ አየችው፣ አልተነሣችም። ጋሽ ሳልደብቅም አዩት፤ ፊታቸው ነጣ። ስልኩ ጥሪውን ከጨረሰ ማን እንደሚመልስላት ከሁላችንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። መናገር አልደፈሩም። በርጩማው ላይ እጃቸውን እንደዘረጉ፣ በመርፌ እንደተወጉ፣ በአገጫቸው ወደ ስልኩ ጠቆሙ። አንዴ፣ ደግመው። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር ብል አታምኑኝም፤ አቅርሮ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ መርፌዎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አውጥታ በእሳቸው ኮት ደረት ላይ ሰካቻቸው። ሄዳ አነሣችው።

«እማ?» አለ የልጅቷ ድምፅ፤ ከቆምኩበት ይሰማኛል። «እማ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አለች። ቅጠሉ ሲሚንቶው ላይ ተጎተተ። «አለሁ ልጄ።»

ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ማውራት ጀመረች። ስለ ፈተናው ጠየቀች፣ ስለ ምግቡ፣ አብራት ስለምትኖረው ስለዚያች ሰነፍ ልጅ። ሳቀችም። ጋሽ ሳልደብቅ በርጩማው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ይሰሙ ነበር። አንድ ጊዜ ክንዳቸው ደክሞ ዝቅ ሲል መርፌው ወጋቸው መሰለኝ፣ መልሰው አነሡት። ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል። ሄጄ ክንዳቸውን ደግፌ ልይዝላቸው ፈልጌ ነበር። እኚህን ክፉ አፍ ሽማግሌ እንዲህ እንደምወዳቸው እስከዚያች ሰዓት አላወቅሁም።

«ማነው አጠገብሽ ያለው?» አለች ልጅቷ። «የሚተነፍስ ሰው ይሰማኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለችና ክቡርነታቸውን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው።

«ደንበኛ ነው» አለች። «አንድ ዝምተኛ ሰውዬ።»

ጋሽ ሳልደብቅ አላረሟትም።